ሲሞን ሮዲያ፤ ገል ለቃሚው ግንበኛ

እንስራ ከጀርባ ላይ ወድቆ ሲከሰከስ፣ ስኒም ከረከቦት ላይ ተንሸራቶ ሲሰበር፣ ስባሪው ምን እንደሚደረግ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰፋ ያለው ገል ምናልባት ፍም ለመጫሪያ ወይም ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ይፈለግ ይሆናል፤ የቀረው ግን ተጠርጎ ከአመድና ከጉድፍ ጋር ይጣላል። ብረት ቢሰበር ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ ጨርቅ ቢቀደድ ይጣፋል፤ እንጨት ቢሰነጠቅ ለማገዶ ይሆናል። ሸክላ ግን አንድ ጊዜ በእሳት ከጠነከረ በኋላ ወደ ጭቃነቱ አይመለስም፤ ስለዚህም ከተሰበረ ዕቃ ሁሉ እንደ ገል የተናቀ የለም። አሁን የምታነቡት ታሪክ ይህን የተናቀ ነገር ከየመጣያው እየለቀመ፣ ከጠርሙስ ስባሪ፣ ከባሕር ዛጎልና ከውዳቂ ብረት ጋር እያዋሐደ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻውን የሠራ የአንድ ግንበኛ ታሪክ ነው። ስሙ ሲሞን ሮዲያ ይባላል። ሥራው በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚገኘውና የዋትስ ማማዎች በመባል የታወቀው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሮዲያ በ1879 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ካምፓኒያ በተባለው ክፍለ አገር፣ በሴሪኖ አጠገብ በምትገኘው ሪቦቶሊ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሳባቶ ሲሆን፣ ሲሞን የተባለው በኋላ በስደት አገር ነው፤ ጎረቤቶቹም በአጭሩ ሳም እያሉ ይጠሩት ነበር። ቤተሰቡ ድኻ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ድረስ ማንበብና መጻፍ እምብዛም አይሆንለትም ነበር። ይሁን እንጂ በልጅነቱ ሳያየው ያልቀረ አንድ ነገር አለ። ከትውልድ መንደሩ ብዙ በማትርቀው በኖላ ከተማ በየዓመቱ በሰኔ ወር ታላቅ በዓል ይከበራል። በዚያ ዕለት ከእንጨትና ከተለወሰ ወረቀት የተሠሩ፣ ሃያ አምስት ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ስምንት ማማዎች በብዙ ጎበዞች ትከሻ ላይ ሆነው በከተማው ጎዳናዎች ይዞራሉ፤ ከማማዎቹም ጋር አንዲት መርከብ አብራ ትሄዳለች። ሮዲያ የሥራውን ሐሳብ ከየት እንዳገኘ ለጠየቁት ሁሉ በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ ይሰጥ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ግን ምንጩ ይህ በዓል ነው ይላሉ። ማማዎቹን ብቻ ሳይሆን መርከቢቱንም ጭምር ስለ ሠራ፣ ግምታቸው ከእውነት የራቀ አይመስልም።

ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያ ዘመን ከደቡብ ኢጣሊያ ድህነት የሚሸሸው ሕዝብ በየመርከቡ ታጭቆ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ሮዲያ ወንድሙ ወደሚሠራበት ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄደ፤ ወንድሙ ግን በማዕድን ማውጫ ውስጥ በደረሰ አደጋ ሞተ። ብቻውን የቀረው ወጣት ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። በድንጋይ ካባ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ፣ በሕንፃ ግንባታ፣ ያገኘውን ሁሉ እየሠራ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በ1902 በሲያትል ከተማ አገባ፤ ኋላም ወደ ኦክላንድ ተዛውሮ ልጆች ወለደ።

የሮዲያን ሕይወት የሚተርኩ ሰዎች ቀጥሎ ያለውን ክፍል በችኮላ ማለፍ ይወዳሉ። እውነቱ ግን መጠጥ ያበዛ እንደ ነበረ፣ ትዳሩም ብዙ ሳይቆይ እንደ ፈረሰ፣ እርሱም ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ እንደ ሄደ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ ቦታ ሳይረጋ ኖረ። ያደረገው ነገር መልካም ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ኋላ የሠራው ሥራ ታላቅነትም ይህን አያስተሰርይለትም። ነገር ግን አንዱን ሳታውቁ ሌላውን ልትረዱት አትችሉም። መጠጡን በተወበት ጊዜ እጆቹ የሚይዙት አንድ ነገር ይፈልጉ እንደ ነበር እርሱ ራሱ በሽምግልናው ዘመን ለጠያቂዎቹ ሳይገልጽ አልቀረም።

በ1921፣ የአርባ ሁለት ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ ዋትስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቁራሽ መሬት ገዛ። ዋትስ በዚያን ጊዜ ራስዋን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ከሎስ አንጀለስ ጋር የተቀላቀለችው በ1926 ነው። ነዋሪዎቿም የቀን ሠራተኞች፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከሜክሲኮ የመጡና እንደ ሮዲያ ከአውሮፓ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። መሬቱ በባቡር ሐዲድ ጥግ የተቆረጠ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ሲሆን፣ ስፋቱ ከአምስት መቶ ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ በላዩም አንዲት አነስተኛ ቤት ነበረችበት። ባቡሩ በየጊዜው እየጮኸ ስለሚያልፍ ሌላ ሰው የሚመኘው ቦታ አልነበረም። ሮዲያ ግን ወደደው። ቀን ቀን በየሰው ቤት ግድግዳና ወለል እያነጠፈ እንጀራውን ያገኝ ነበር፤ ማታ ማታና በበዓል ቀን ግን በገዛ መሬቱ ላይ የራሱን ሥራ ጀመረ። ንድፍ አልነደፈም፤ ረዳት አልቀጠረም፤ ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም።

አሁን አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። መሠረቱን ከጉልበት ባልበለጠ ጥልቀት ቆፈረና የማማውን እግሮች አቆመ። እግሮቹ የብረት ዘንጎች፣ አሮጌ ቧንቧዎችና ከዚህም ከዚያም የለቀማቸው ውዳቂ ብረቶች ነበሩ። ብረትን ከብረት ለማያያዝ ብየዳ አልተጠቀመም፤ ብሎንም ሆነ ምስማር አልመታም። የሁለቱን ብረቶች ጫፍ ደራርቦ በሽቦ ጥፍር አድርጎ ያስራቸው ነበር። በእስሩ ላይ ለዶሮ ቤት የሚሆነውን ቀጭን የሽቦ መረብ ይጠቀልላል፤ በመረቡ ላይ ደግሞ በአሸዋና በውሃ የተለወሰ ሲሚንቶ በእጁ እየመረገ ይለብጠዋል። ሲሚንቶው ሲደርቅ እስሩ እንደ አንድ አጥንት ይሆናል። ብረቱን ማጉበጥ ሲያስፈልገው ወደ ባቡሩ ሐዲድ ይወስደውና ጫፉን ከሐዲዱ ሥር ሰክቶ በገዛ ሰውነቱ ክብደት እየተጫነ ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። ለዚህ ሁሉ የነበሩት መሣሪያዎች መዶሻ፣ መሮ፣ ፒንሳ፣ የግንበኛ ማንኪያና ባልዲ ብቻ ናቸው።

ማማው ከፍ ባለ ቁጥር የእንጨት መወጣጫ አላቆመም። በየደረጃው በዙሪያው የሚሠራው የብረት ቀለበት ራሱ መሰላል ይሆነዋል። መስኮት ጠራጊዎች የሚታጠቁትን ዓይነት ጠፍር ወገቡ ላይ ያስርና በአንድ ክንዱ በሲሚንቶ የተሞላ ባልዲ፣ በሌላው የገል ከረጢት አንጠልጥሎ ይወጣል። ትናንት የሠራው ቀለበት ዛሬ የሚቆምበት ደረጃ ነው፤ ዛሬ የሚሠራውም ነገ ይሸከመዋል። እንግዲህ ትናንት ያሰረው እስር ደካማ ቢሆን ዛሬ የሚወድቀው ማን እንደሆነ አስቡት። የሥራው ጥንካሬ ምንጭ ከዚህ ይመስለኛል።

የብረትና የሲሚንቶ ጋብቻ ምስጢሩ ይህ ነው። ሲሚንቶ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ብረት ደግሞ መጎተትን ይችላል፤ ነገር ግን ዝናብና ነፋስ ሲያገኘው ይዝጋል። ሲሚንቶው ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ብረቱም ሲሚንቶውን ከመሰንጠቅ ይይዘዋል። ታዲያ ገሉ የት ይገባል ትሉ ይሆናል። ሮዲያ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በላዩ ላይ የሸክላ ስባሪ፣ የጠርሙስ ስባሪና ዛጎል አንድ በአንድ እየተጫነ ይተክልበት ነበር። በምድጃ ውስጥ እንደ መስተዋት ቀልጦ የተለበጠው የሸክላ ቅብ ውሃ አያስገባም፤ ስለዚህ ገሉ ለዓይን ጌጥ ከመሆኑም በላይ ለሲሚንቶው እንደ ቆዳ ሆነለት። ደግሞም ቀለም የተቀባ ግድግዳ በፀሐይ ይለቃል፤ በእሳት የተጋገረ ቀለም ግን ዘመን ቢቆጠር አይደበዝዝም።

ይህ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሲሚንቶ ከተለወሰ በኋላ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የትኛው ገል ከየትኛው አጠገብ እንደሚያምር ቀድሞ መለየት፣ ለዚያ ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ መለወስና ሳይዘገዩ መትከል ያስፈልጋል። የስኒ ስባሪ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ክብ በሆነው የማማው ክንድ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ጠፍጣፋው ማቶኒ ግን በቅርጹ መጠን እየተፈረከሰ ካልሆነ አይገጥምም። ቅርጽ ሠሪው ድንጋይ ሲጠርብ ቁሱን ለፈቃዱ ያስገዛዋል። በውዳቂ ነገር የሚሠራ ጥበበኛ ግን ያገኘውን ስባሪ ቅርጽና ቀለም አይቶ፣ ለእርሱ የሚስማማ ቦታ መፈለግ አለበት። ሮዲያ ይህን ከማንም አልተማረውም፤ ቀን ቀን በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ያነጠፋቸው ሸክላዎች ናቸው ያስተማሩት።

ገሉን የሚያገኘው ከልዩ ልዩ ስፍራ ነበር። በደቡብ ካሊፎርንያ በዚያ ዘመን እንደ ማሊቡ ያሉ የታወቁ የሸክላ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ባለ ጌጥ ማቶኒዎች ዛሬም በግድግዳዎቹ ላይ ተለይተው ይታወቃሉ። ከዚህም ሌላ ከረጢት ተሸክሞ ሐዲድ ሐዲዱን እየተከተለ ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። የሰፈሩ ልጆችም የተሰበረ ሳህን፣ እጀታው የወለቀ ስኒ፣ ባዶ ጠርሙስ ሲያመጡለት ሳንቲም ወይም ብስኩት ይሰጣቸዋል። የእኛ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያረጀ ዕቃ ይገዛል፤ ነገር ግን የሚገዛው መልሶ የሚሸጠውን ነው። ሮዲያ የሚሰበስበው ግን ቆራሌው እንኳ የማያነሣውን ነበር። አረንጓዴው ብርጭቆ ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ ደማቁ ሰማያዊ ደግሞ ከሆድ መድኃኒት ጠርሙስ የመጣ ነው። አንዳንድ ነገሮችንም በሲሚንቶው ውስጥ አልተከላቸውም፤ ማኅተማቸውን ብቻ አተመና አነሣቸው። የበቆሎ ራስ፣ የጫማ ሶል፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ መዶሻውና ፒንሳው ሳይቀሩ አሻራቸው በግድግዳው ላይ ቀርቷል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደሎችም እንዲሁ አትሟል።

በመጨረሻ በዚያ ጠባብ መሬት ላይ አሥራ ሰባት ሥራዎች ቆሙ። ከሁሉ የሚበልጡት ሦስት ማማዎች ሲሆኑ፣ ረጅሙ ሠላሳ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም የአሥር ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማለት ነው። በአጠገባቸው ትንንሽ ማማዎች፣ ክብ ዳስ፣ ወፎች የሚጠጡባቸው ገንዳዎች፣ ፏፏቴዎችና የማርኮ ፖሎ መርከብ ብሎ የሰየማት መርከብ ይገኛሉ። ወለሉም፣ ዙሪያውን የከበበው አጥርም በገል ተለብጧል፤ በየቦታው የልብ ቅርጽ ይታያል። ማማዎቹ ድፍን አይደሉም፤ እንደ ሸረሪት ድር ሰማዩን በመካከላቸው ያሳያሉ። ሮዲያ ሥራውን በእስፓኝ ቋንቋ ኑዌስትሮ ፑኤብሎ ሲል ጠራው። ፑኤብሎ የሚለው ቃል በዚያ ቋንቋ መንደርም ሕዝብም ማለት ስለሆነ፣ ስሙ መንደራችን ወይም ሕዝባችን ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። የተሰየመበት ቋንቋ የሠሪው ሳይሆን ከሜክሲኮ የመጡት ጎረቤቶቹ ቋንቋ መሆኑን አስተውሉ።

ይሁን እንጂ ጎረቤቶቹ ሁሉ በበጎ ዓይን አላዩትም። አንዳንዱ እብድ ነው ይለው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ማማዎቹ ለጃፓኖች ምስጢር የሚያስተላልፉ የሬዲዮ አንቴናዎች ናቸው የሚል ወሬ ተነዛ። ልጆችም እያደጉ ሲሄዱ አንዳንዶቹ ገል ማምጣቱን ትተው ድንጋይ መወርወር ጀመሩ፤ ቀን የተከለውን ማታ ይሰብሩበት ነበር። በ1933 በአቅራቢያው በሎንግ ቢች ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ የሮዲያ ማማዎች ግን አልወደቁም። ይህን ልብ ያለ ሰው የነበረ አይመስልም፤ ቢኖር ኖሮ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የተነሣው ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

በ1954 ሮዲያ ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። ጉልበቱ ደከመ፤ መውጣትና መውረዱ አደገኛ ሆነ። በ1955 ሰው ሁሉ የተገረመበትን ነገር አደረገ፤ መሬቱን ከነማማዎቹ ለአንድ ጎረቤቱ በነጻ ሰጠና ዘመዶቹ ወዳሉበት በሰሜን ካሊፎርንያ ወደምትገኘው ማርቲኔዝ ከተማ ሄደ። ዳግመኛ ወደ ዋትስ አልተመለሰም። የሠላሳ ሦስት ዓመት ድካሙን እንዲህ ጥሎ መሄዱ ዛሬም ድረስ ያነጋግራል። ምናልባት ለእርሱ ሥራው መሥራቱ ነበር፤ ካለቀ በኋላ ግን የሚቆይበት ጉዳይ አልነበረውም።

እርሱ ከሄደ በኋላ ቤቲቱ በእሳት ተቃጠለች፤ ግቢውም ባለቤት እንደሌለው ፍርስራሽ ሆነ። በ1957 የከተማው የሕንፃ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ማማዎቹ ለሕዝብ አደገኛ ናቸውና ይፍረሱ ሲል ትእዛዝ አወጣ። ባለሥልጣኖቹን በክፋት ብቻ መክሰስ ተገቢ አይሆንም። እስቲ በእነርሱ ቦታ ሁናችሁ አስቡት፤ መሐንዲስ ያልነደፈው፣ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው፣ በሽቦ የታሰረና ሠላሳ ሜትር የሚረዝም የውዳቂ ብረት ክምር ነፋስ ጥሎት ሰው ቢገድል ተጠያቂው ማን ነው? ሥራው ውብ መሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ማማዎቹን ለማዳን የፈለጉ ሰዎችም ይህን ተረድተው ነበር።

በ1959 ዊሊያም ካርትራይትና ኒኮላስ ኪንግ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ቦታውን በሦስት ሺሕ ዶላር ገዙት። አንደኛው የፊልም አቀናባሪ፣ ሁለተኛው ተዋናይ ነበር፤ ሀብታሞች አልነበሩም። የማፍረሻው ትእዛዝ መኖሩን ሲሰሙ ሠዓሊያንን፣ ነዳፊዎችንና መምህራንን አስተባብረው ኮሚቴ አቋቋሙ። ከእነርሱም ጋር በድ ጎልድስቶን የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ተባበረ። በአሜሪካና በውጭ አገር ያሉ የታወቁ ሰዎች ማማዎቹ እንዳይፈርሱ ጻፉ። የከተማው መሐንዲሶች ግን ማማዎቹ ደካማ ናቸው በሚለው ጸኑ፤ ጎልድስቶን ደግሞ አስልቼ አይቻቸዋለሁ፤ ጽኑ ናቸው በሚለው ጸና። በስሌት መግባባት ስላልተቻለ፣ ነገሩ በተግባር ይፈተን ተባለ። ስምምነቱ ቀጥተኛ ነበር፤ ማማው ቢናጋ ይፈርሳል፤ ባይናጋ ትእዛዙ ይሻራል። ጎልድስቶን ስሌቱ ስሕተት ቢሆን ኖሮ፣ ሊያድነው የተነሣውን ሥራ በገዛ እጁ ሊያፈርሰው ነበር ማለት ነው።

ፈተናው ጥቅምት 10 ቀን 1959 ተደረገ። ጋዜጠኞችና የሰፈሩ ነዋሪዎች በዙሪያው ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር። በማማው ላይ የብረት ገመድ ታስሮ ወደ ጎን በክሬን ይሳብ ጀመር። ኃይሉም ታላቅ ነፋስ ሊያሳድር የሚችለውን ግፊት እስኪያህል ድረስ ቀስ በቀስ እየተጨመረ፣ እስከ አሥር ሺሕ ፓውንድ፣ ማለትም አራት ሺሕ አምስት መቶ ኪሎ ያህል ደረሰ። ማማው አልወደቀም፤ አልተናጋም። ቀድሞ የተበላሸው የሚስበው መሣሪያ ነበርና ፈተናው በዚሁ አበቃ። የማፍረሻው ትእዛዝም ተሻረ። ምክንያቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የማማውን ሥራ ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ አስታውሱ። ማማው እንደ ቅርጫት ክፍት ስለሆነ ነፋስ በመካከሉ ያልፋል፤ በአንድ በኩል የመጣው ግፊትም በብዙ ቀለበቶችና እስሮች ላይ ይከፋፈላል። ሮዲያ የዚህን ስሌት አያውቅም ነበር፤ እያንዳንዱን እስር ግን ነገ እንደሚቆምበት ሰው አድርጎ አስሯል።

ሮዲያ በዚያን ጊዜ በማርቲኔዝ በጸጥታ ይኖር ነበር። ዝናው ግን ከእርሱ ቀድሞ ሄደ። በ1961 በኒው ዮርክ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የተለያዩ የተገኙ ነገሮችን በማዋሐድ ለሚሠራው ጥበብ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ የእርሱም ሥራ ከታላላቅ አርቲስቶች ሥራ ጋር ተጠቀሰ። በዚያው ዓመት በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማማዎቹ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተጋብዞ ሲገኝ ተሰብሳቢው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ያ ፊደል ያልጠገበ ሽማግሌ በሊቃውንት መካከል ሆኖ የራሱን ማማዎች በስክሪን ላይ ሲመለከት ምን እንደተሰማው ማሰብ ለእናንተ እተወዋለሁ። ወደ ዋትስ ተመልሶ እንዲያያቸው ቢጠይቁት ግን አልሄደም።

በሐምሌ ወር 1965፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። አንድ ወር ገደማ እንዳለፈ፣ በድህነት፣ በሥራ ማጣትና በፖሊስ በደል ለረጅም ጊዜ ሲማረር የቆየው የዋትስ ሕዝብ አመፀ። በስድስት ቀን ውስጥ ሠላሳ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሱቆችና ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ማማዎቹን ግን ማንም አልነካቸውም። በዚያን ጊዜ በማማዎቹ አጠገብ ለሰፈሩ ልጆች ሥነ ጥበብ የሚያስተምር ማዕከል ተከፍቶ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ኖኣ ፑሪፎይ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ቅርጽ ሠሪ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እሳቱ የተወውን ፍርስራሽ፣ ቀልጦ የረጋውን የሱቅ ማስታወቂያ መብራት ሳይቀር፣ ለቅሞ በ1966 አዲስ ሥራ አድርጎ አሳየው። ሮዲያ ተማሪ አልነበረውም፤ በማማዎቹ ጥላ ሥር ግን ውዳቂን አንሥቶ ቅርጽ ማድረግ እንዲህ ቀጠለ። በነገራችን ላይ፣ ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን ዘፋኞች በ1967 ባወጡት አንድ አልበም ሽፋን ላይ ካሰለፏቸው ዝነኛ ሰዎች መካከል የሮዲያ ምስል ይገኛል።

ማማዎቹ በ1975 ለሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በ1978 ደግሞ ለካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት ተላለፉ፤ በ1990 የአገሪቱ ታላላቅ ታሪካዊ ቅርሶች ከሚመዘገቡበት መዝገብ ገቡ። በ1994 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ስላደረሰባቸው ለዓመታት ተዘግተው ከተጠገኑ በኋላ በ2001 እንደገና ለሕዝብ ተከፈቱ። የጥገናው ሥራ ግን ማለቂያ የለውም። የደቡብ ካሊፎርንያ ፀሐይ የማማውን አንዱን ጎን ሲያሞቀው ብረቱ ይለጠጣል፤ ማማውም ለዓይን በማይታይ መጠን ከፀሐይዋ ይርቃል፤ ማታ ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ መወዛወዝ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፤ ውሃው ብረቱን ያዝገዋል፤ ገሉም ይላቀቃል። ስለዚህ ጠጋኞቹ በየጊዜው ይወጣሉ፤ የወደቀውን የሳህን ስባሪ ከመሬት አንሥተው፣ በድሮ ፎቶግራፍ ከየትኛው ቀለበት፣ ከየትኛው ስኒ አጠገብ እንደ ነበረ አጣርተው፣ ሮዲያ ወደ ተከለበት ቦታ ይመልሱታል።